ዊንዘርን በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ፦ ከለንደን ለምትወጡ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ ዊንዘር የሄድኩት ረቡዕ ቀን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ፣ የልጆቹ ሃፍ ተርም (የትምህርት መሃል ዕረፍት) ነበርና እኔም ከስራ ፈቃድ ወስጄ፣ ዳቦውን ቆሎውን ሻዩን በፔርሙዝ ይዘን፣ ሁለት ባቡር ቀይረን ካስሉ (የንጉሡ ቤተመንግሥት) በር ላይ ስንደርስ ዝግ። ረቡዕ አይከፈትም፣ ማክሰኞም እንደዛው። ዌብሳይቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ያላየሁት እኔ ነኝ። እናቴ "ንጉሡ የሉም እንዴ?" ስትለኝ ምን ልበላት። እንዲሁ ወንዙ ዳር ስንበላ፣ ድልድዩን ተሻግረን ስንመለስ፣ ዝይና ስዋን ስናባርር ዋልንና ማታ ባቡር ላይ "ደስ የሚል ቀን ነበር" አለች። ካስሉን ሳታይ እኮ ነው።

ከዛ በኋላ ስንቴ እንደተመላለስኩ እንጃ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዊንዘር ነው። የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ሲል ነው፦ ጠዋት ካስል፣ ቀትር ላይ ጀልባ፣ ከሰዓት ሌጎላንድ (የልጆች መጫወቻ ፓርኩ)፣ ማታ ደግሞ አጋዘን። አይሆንም! ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ የእናታችሁ ጉልበት ያብጣል፣ እናንተም ተኮራርፋችሁ ትመለሳላችሁ። ዊንዘር ቢያንስ አራት የተለያየ ቀን ነው፣ ከአራቱ ደግሞ አብዛኛው ነጻ ነው። ስለዚ ከማን ጋር እንደምትሄዱ አይታችሁ አንዱን ምረጡ።

(ሰዓቱንም ቀንና ዓመቱንም በፈረንጅ ነው ምጽፈው። እናንተም ለዘመድ ስትነግሩ በየትኛው እንደሆነ ንገሩ፣ "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ብላችሁ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዳትተጣጡ።)

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ካስሉ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው ብያለሁ። እሁድ ክፍት ነው፣ ግን ግቢው ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እሁድ ለጎብኚ አይከፈትም፣ ለጸሎት ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ለኛ ሰው ደግሞ ዋናው ሚያየው ነገር እዛ ውስጥ ነው፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ስለዚ የሚቀራችሁ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ አርብና ቅዳሜ ነው።

የዘበኛ ቅያሪውን በማርሽ ባንድ ማየት ከፈለጋችሁ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ዝናብ ካለ ይሰረዛል፣ ፕሮግራሙን ከመውጣታችሁ በፊት እዩት። በኔ ሂሳብ ሁሉም ሚገጥምላችሁ ሐሙስ ነው። ቅዳሜም ይሆናል ግን ሰዉ ጥቅጥቅ ይላል። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ንጉሡ እንግዳ ተቀባይ ሆነው በድንገት የተዘጋ ቀን እንዳይሆን አንድ ጊዜ ዌብሳይቱን ክፈቱ፣ እንደኔ አትሁኑ።

ሰኔ ላይ ሮያል አስኮት ሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሳምንት አለ። አስኮት ቅርብ ስለሆነ ባርኔጣና ተረከዝ ያደረገ ሕዝብ ባቡሩንም መንገዱንም ይሞላዋል። ያን ሳምንት ተዉት።

ባቡሩ

ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም ጥሩ ነው። አንደኛው ከዋተርሉ ሳትቀይሩ በቀጥታ ዊንዘር ኤንድ ኢተን ሪቨርሳይድ ሚባለው ጣቢያ ሚያደርስ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው ከፓዲንግተን ወይ ከኤሊዛቤት ላይን ተነስታችሁ ስላው ላይ መቀየር ነው፣ እዛ ትንሽዬ ባቡር ቆማ ትጠብቃችኋለች፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ዊንዘር ኤንድ ኢተን ሴንትራል ታወርዳችኋለች። ሴንትራል ካስሉ ፊት ለፊት ነው፣ ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ግንቡ አፍንጫችሁ ስር ነው። ሪቨርሳይድ ደግሞ ከታች ወንዙ ጋ ስለሆነ ወደ ካስሉ ዳገት አለው። እናት አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ጠዋት በሴንትራል መግባት፣ ማታ ቁልቁለቱን ወርዶ በሪቨርሳይድ መመለስ ጥሩ ነበር፣ ግን ደርሶ መልሱን አንድ ላይ ከገዛችሁ በሁለቱም መስመር ይሰራ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ኦይስተር ካርድ (የለንደኑ የትራንስፖርት ካርድ) ዊንዘር ድረስ አይሰራም። ኦይስተር ነክታችሁ ገብታችሁ መውጫው ላይ ቅጣት እንዳይመጣባችሁ ትኬት ቁረጡ። ልጆች ካሏችሁ ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬይልካርድ ሚባለው ለአዋቂ አንድ ሦስተኛ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ 60 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ እስከ አራት አዋቂና አራት ልጅ ድረስ። ከ5 ዓመት በታች ነጻ ነው። ሬይልካርድ የላችሁም ግን ሦስት አዋቂ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግሩፕሴቭ በሉ፣ ጠዋት ሰዉ ስራ ሚገባበት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ሦስተኛ ይቀንስላችኋል። ማህበራችሁን ይዛችሁ ለምትወጡ ሰዎች ይሄ ገንዘብ ነው።

መኪና ከያዛችሁ ከኤም 4 በመውጫ 6 ነው። ከተማው መሃል ፓርኪንግ ውድም ጠባብም ነው፣ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ቦታ ፍለጋ መዞር ያው ታውቁታላችሁ። መኪና ለሌላው ቀን አቆዩት።

አንደኛው ቀን፦ ካስሉ

ትኬት ቀድማችሁ ኦንላይን ግዙ፣ በሩ ላይ ከመግዛት ይረክሳል። አዋቂ 30 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ከ5 ዓመት በታች ነጻ። አሁን ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፦ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) ወይም ከተዘረዘሩት ሌሎች ቤኔፊቶች አንዱን ምታገኙ ከሆነ ትኬቱ 1 ፓውንድ ነው። አንድ! አታፍሩ፣ ለዛ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ማስረጃውን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ዋጋ ምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ከራሳቸው የገዛችሁትን ትኬት ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ መግቢያ አድርጉልኝ ማለት ይቻላል፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እኔ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንግዳ ያጀብኩት በዛው ነው።

ፍተሻው እንደ ኤርፖርት ነው፣ ቦርሳ በማሽን ያልፋል። ቢላ ምናምን ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ብርቱካኑን ቤት ልጣችሁ ያዙት።

ከ10:40 ጀምራችሁ ሃይ ስትሪት ላይ ዳር ያዙ። ወታደሮቹ ከቪክቶሪያ ካምፓቸው ተነስተው በባንድ ታጅበው ከተማውን አቋርጠው ወደ ካስሉ ይወጣሉ፣ ይሄ ነጻ ነው፣ እንዲያውም ከግቢው ውስጥ ካለው ሥነ ሥርዓት ይልቅ ልጆች ሚወዱት ይሄን ነው ምክንያቱም አጠገባቸው ነው ሚያልፈው። ካለፉ በኋላ ትገባላችሁ።

ስትገቡ ክቡ ግንብ ላይ ያለውን ባንዲራ እዩ። የንጉሡ ባንዲራ ከሆነ ንጉሡ ቤት ናቸው፣ ተራው የእንግሊዝ ባንዲራ ከሆነ የሉም። ልጆቹን "ማን ቀድሞ ያያል" ብላችሁ አወዳድሯቸው፣ ለእናቴም ጥያቄ መልስ ሆነልኝ። ግቢው ድል አድራጊው ዊሊያም በ1070ዎቹ ጀምሮት እስካሁን ሰው ሚኖርበት ነው፣ ስለዚ ሙዚየም ብቻ አድርጋችሁ አትዩት።

ቅደም ተከተሉን እንደዚ አድርጉ። መጀመሪያ የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት፣ ምክንያቱም ሰልፉ እየረዘመ ነው ሚሄደው፣ ልጆችም በኋላ ይደክማቸዋል። ከ1921 እስከ 1924 የተሰራ ነው፣ ሁሉ ነገር በ1 ለ12 ልክ፦ ቧንቧው እውነተኛ ውሃ ያወርዳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሊፍቱ ይሰራል፣ መጻሕፍቱ ጥፍር ያክላሉ። ልጄ ሃያ ደቂቃ አልላቀቅ አለችኝ።

ቀጥሎ ስቴት አፓርትመንትስ፣ የቤተመንግሥቱ የክብር ክፍሎች። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ የልጅ ጋሪም መግቢያው ላይ ታስረክባላችሁ። እዚህ ውስጥ ሁሉ ነገር ወርቅ ስለሆነ ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ዓይን ይሰለቻል፣ አይክፋችሁ በፍጥነት እለፉት። ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ስትደርሱ ቁሙ። ኅዳር 20 ቀን 1992 እሳት ተነስቶ 115 ክፍል ጎድቶ ነበር፣ የዚህ አዳራሽ ጣራም ያኔ ነው የነደደው፣ አሁን ያለው የእንጨት ጣራ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና የተሰራ ነው። ለጥገናው ገንዘብ ለማግኘት ነው የለንደኑን ቤኪንግሃም ቤተመንግሥት በ1993 ለጎብኚ የከፈቱት።

ጣራው ላይ የተደረደሩት ጋሻዎች በ1348 የተመሰረተው የጋርተር ኒሻን ባለቤቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ባዶ ነጭ ናቸው፣ እነሱ የተሻረባቸው ሰዎች ናቸው። ይሄን ለልጆቼ ስነግራቸው ነው ቀና ብለው ማየት የጀመሩት። የጣልያኑ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ፣ ያ አገራችን ተወርራ ሳለ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ይል የነበረው፣ ጋርተር ነበረው፣ በ1941 ተሰረዘ። በ1954 ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተሸለሙት። እናቴ ይሄን ስትሰማ ጮክ ብላ እልል ልትል ነበር፣ ያዝኳት።

ምሳችሁን ከዛ በኋላ ብሉ። ግቢው ውስጥ ካፌ አለ ግን ወጪው ለብዙ ሰው አይመከርም፣ እኛ ቀለል ያለ ነገር አፋችን ላይ ጣል አድርገን ዋናውን ምሳ ስንወጣ ወንዙ ዳር ነው ምንበላው።

ዓለማየሁ

ጸሎት ቤቱን በመጨረሻ አድርጉት ግን አትዘግዩ፣ ከግቢው ቀድሞ ነው ሚዘጋው። 2 ሰዓት ላይ ብትገቡ ጥሩ ነው።

ሰው ሁሉ ንግሥት ኤልሳቤጥ የተቀበሩበትን ጥግ ለማየት ይሰለፋል፣ ሄንሪ ስምንተኛውም እዛው ወለል ስር ነው፣ ሃሪና ሜጋን በ2018 የተጋቡትም እዛ ነው። እሱን እዩት። እኛን ሚመለከተው ግን አንድ የናስ ሰሌዳ ነው። ለማግኘት ዝም ብላችሁ አትዙሩ፣ ግድግዳው ሁሉ ሰሌዳ ስለሆነ ታልፉታላችሁ፣ ከጠባቂዎቹ አንዱን "ፕሪንስ አለማየሁ" በሏቸው፣ እኔ የጠየቅኳቸው ሁሉ ያውቁታል።

የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ነው። አባቱ በ1860 ዓ.ም (በፈረንጅ 1868) መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ አብረውት ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን ካፕቴን ስፒዲ ሚባል መኮንን ይዞት እንግሊዝ ገባ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት፣ ራግቢ ትምህርት ቤት ከዛ ሳንድኸርስት ወታደር ቤት አስገቡት፣ አልተመቸውም። በ1879 ኅዳር ወር ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ፣ 18 ዓመቱ ነበር። ቪክቶሪያ ናቸው እዚህ ይቀበር ያሉት። አስከሬኑ ያለው ከጸሎት ቤቱ ውጪ ምድር ስር ነው፣ መቃብሩ አይታይም፣ ምታዩት ሰሌዳውን ብቻ ነው። መንግሥታችን በ2007 አጽሙ ይመለስ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ በ2023 ቤተመንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳንነካ ማውጣት አንችልም አለ። በዛው ዓመት የልጁ ጸጉር ለኢትዮጵያ ልዑካን ለንደን ላይ ተሰጠ።

ሰሌዳው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል አንድ ቃል አለ፣ በኛው መጽሐፍ ቅዱስ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" ሚለው። እናቴ ስተረጉምላት ዝም ብላ ቆይታ "ተቀበሉት ነው ሚለው?" አለች። እሺ እማዬ፣ እንሂድ አልኳት፣ ትንሽ ልቁም አለች።

ሁለት ምክር። ታሪኩን ለልጆቻችሁ ባቡር ላይ ንገሯቸው፣ እዛ ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራትም ፎቶም አይቻልም። ሌላው፣ ጫማ አይወለቅም። እናቴ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ስላት በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን ልትፈታ ስትል ነው የደረስኩባት፣ ከኋላችን ሰልፉ ቆሞ ያየናል።

ትኬት የሌለው ሰው ጸሎት ቤቱን ማየት ከፈለገስ? ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ ኤቨንሶንግ ሚባል የዜማ ጸሎት በአብዛኛው ቀን አለ፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ገንዘብ አይጠየቅም። ሰዓቱን ዕለቱን አይታችሁ ቀደም ብላችሁ በሄንሪ ስምንተኛው በር ላለው ጠባቂ ለኤቨንሶንግ ነው በሉት። ለጉብኝት ግን አይደለም፣ ገብቶ መቀመጥ ነው፣ እንደ ቅዳሴ ቁጠሩት። የልጆቹ መዘምራን ድምጽ በዛ ጣራ ስር ሲሰማ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ሳንቲም ሳታወጡ

ይሄ ያ የረቡዑ ቀናችን ነው፣ በእቅድ የተደረገ። ከሴንትራል ጣቢያ ውጡና ሃይ ስትሪትን ይዛችሁ ጊልድሆል ሚባለውን የድሮ ማዘጋጃ ቤት ፈልጉ። ከስሩ ቁሙና ወደ ላይ እዩ፣ መሃል ያሉት ምሰሶዎች ጣራውን አይነኩም፣ ክፍተት አለ። ክሪስቶፈር ሬን ሚባለው አርክቴክት ምሰሶ ጨምር ሲሉት አያስፈልግም ለማለት እንዲህ አደረገ ይባላል፣ እውነት ይሁን ቀልድ ልጆች ይወዱታል። ንጉሥ ቻርልስና ካሚላም በ2005 ጋብቻቸውን የተፈራረሙት እዚሁ ነው። አጠገቡ ዘሞ ዘሞ ሊወድቅ የደረሰ ሚመስል ቤት አለ፣ ጎኑ ደግሞ የእንግሊዝ አጭሩ መንገድ ነው ሚሉት ኩዊን ሻርሎት ስትሪት፣ 16 ሜትር አይሞላም። አንድ መንገድ ከጫፍ ጫፍ ሮጥኩ ብሎ መፎከር እዛ ነው።

ከዛ ቁልቁለቱን ወደ ቴምዝ ውረዱ። ድልድዩ ከ1970 ጀምሮ ለመኪና ዝግ ነው፣ ልጅ ልቀቁ፣ ይሩጥ። ማዶው ኢተን ነው። ኢተን ኮሌጅን ሄንሪ ስድስተኛ በ1440 ነው ያቆመው፣ በኛ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነበሩበት ዘመን። ሃያ ጠቅላይ ሚኒስትር ያወጣ ትምህርት ቤት ነው፣ ተማሪዎቹ እስካሁን ጥቁር ጭራ ያለው ኮት ለብሰው መንገድ ሲያቋርጡ ታያላችሁ። ልጄ "ሰርግ አለባቸው?" አለ።

ከድልድዩ እንደተሻገራችሁ በግራ በኩል ብሮካስ ሚባል ሜዳ አለ። ለኔ ከዊንዘር ሁሉ ምርጡ ቦታ እሱ ነው፦ ወንዙ ከፊት፣ ካስሉ ከማዶ ኮረብታው ላይ፣ ሳር ላይ ጋቢ አንጥፋችሁ ምሳ። ካስሉ ውስጥ ሆናችሁ ካስሉን አታዩትም፣ ፎቶ ሚነሳው ከዚህ ነው። ሂትሮው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በየጊዜው ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ወሬ ይቋረጣል፣ ልጆች ግን ጅራቱን እያዩ የየት አገር እንደሆነ ይገምታሉ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካዩ ያለቀላችሁ ናችሁ።

ስዋኖቹ ትልልቅና ደፋር ናቸው፣ እጅ ላይ ካለው ምግብ ጋር ይመጣሉ፣ ትንንሽ ልጆችን አቅርባችሁ አትልቀቁ። ወንዙ ዳር አጥር የለውም፣ ይሄን በተለይ አስቡበት።

ትንሽ ማውጣት ከቻላችሁ ከዊንዘር በኩል ካለው ዳርቻ የ40 ደቂቃ ጀልባ አለ፣ የሁለት ሰዓትም አለ። የ40ው ይበቃል፣ በሁለት ሰዓቱ ልጅ ይሰለቻል። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ደግሞ ከየትኛውም ነገር በላይ ሚመች ይሄ ነው፣ ተቀምጦ ካስሉን ማየት።

ምግቡ

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ቀላል ነው፣ ያለውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ችግሩ እዚህ አገር ትምህርት ሚዘጋው ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ነው፣ ያ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሰው "ጾም ነው የት ልሂድ" ይላል፣ እንዲያውም ለሽርሽር ሚመቸው የጾም ምግብ ነው፣ ቀዝቅዞ ነው ሚበላው! ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ አዚፋ፣ ስልጆ። ማሞቂያ አያስፈልግ፣ አይበላሽ። ሱፉን ጠዋት ፈትፍታችሁ በተከደነ እቃ ያዙ፣ እንጀራውን ለየብቻ ጠቅልሉ። ቺፕስ ከሱቅ ምትገዙ ከሆነ በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቤት በሞራ ነው ሚጠብሰው፣ አንዳንዱም ዓሳውንና ድንቹን በአንድ ዘይት።

ቡና እናፍላ ብላችሁ ምድጃ እንዳትይዙ፣ ዊንዘር ግሬት ፓርክ (ቀጥሎ ምነግራችሁ ሎንግ ዎክ ያለበት) ውስጥ እሳት ማንደድም ባርቤኪውም ክልክል ነው። በፔርሙዝ ነው። ስኒውን ግን ያዙ፣ በወረቀት ኩባያ አይጠጣም።

ሦስተኛው ቀን፦ ሎንግ ዎክ

ከካስሉ በር ተነስቶ ቀጥ ብሎ 4 ኪሎሜትር ከምናምን ሚሄድ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የሆነ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ኮረብታ አለ፣ ኮረብታው ላይ ኮፐር ሆርስ ሚሉት ሐውልት፣ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ እንደ ሮም ቄሳር ለብሶ ፈረስ ላይ። ነጻ ነው። ሚያታልለው ነገር፣ ቅርብ ይመስላል፣ አይደለም። ሐውልቱ ከበሩ ይታያችኋል፣ አንድ ሰዓት ተራምዳችሁም እንደዛው ነው ያለው። ደርሶ መልስ ከ8 ኪሎሜትር በላይ መሆኑን አስባችሁ ጀምሩ፣ መሃል ላይ ካፌ ሽንት ቤት ምናምን ብላችሁ አትጠብቁ፣ ከተማው ውስጥ ተጠቅማችሁ ውጡ።

ትንንሽ ልጅ ወይ አዛውንት ካለ እስከ አጋዘኖቹ በር ድረስ ብቻ ሂዱ። አጥሩን ካለፋችሁ በኋላ 500 ያህል ቀይ አጋዘን በነጻ ሚሄድበት ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ወንዶቹ ይጣላሉ፣ ድምጻቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ግልገል ይዘዋል፣ በሁለቱም ጊዜ ራቅ ብላችሁ እዩ። በስልክ ለመቅረጽ ወደ ወንዱ ሚጠጋ ሰው አይቻለሁ፣ ጀግንነት አይደለም። ብስክሌት ሎንግ ዎኩ ላይ አይፈቀድም።

ጫማ ነገር፦ ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲሸሽ የዋለ የአጎት ልጅ አለኝ።

አራተኛው ቀን በመኪና፦ ቨርጂኒያ ዋተርና ረኒሚድ

ይሄ ከዊንዘር ከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ሁለት ቤተሰብ በሁለት መኪና ሲሆን ያምራል። ሁለቱም መግቢያ የላቸውም፣ ምትከፍሉት ፓርኪንግ ነው።

ቨርጂኒያ ዋተር ሐይቅ ነው፣ ዙሪያው 7 ኪሎሜትር ገደማ፣ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ጋሪ ይሄዳል። ዙሩን ስትጀምሩ ፏፏቴው፣ ከዛ የድሮ ፍርስራሽ ዓምዶች ታያላችሁ። እውነተኛ የሮማውያን ነው፣ ከሊቢያ ሌፕቲስ ማግና ሚባል ከተማ በ1818 አካባቢ ተጭኖ መጥቶ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ለጌጥ ያስተከለው። መቅደላ ብቻ አይደለም ለካ ያሰኛል። ሌላው ጫፍ ላይ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ከአንድ ዛፍ የተቀረጸ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ምሰሶ አለ፣ በ1958 በስጦታ የመጣ። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ከሄዳችሁ ቫሊ ጋርደንስ ሚባለው ጎን አበባው ተራራውን ሙሉ ሮዝና ቀይ ያደርገዋል፣ የሰርግና የምረቃ ፎቶ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ የለም።

ከምሳ በኋላ ረኒሚድ። በ1215 ንጉሥ ጆን ማግና ካርታን የተስማማበት የወንዝ ዳር ሜዳ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሜዳ ነው፣ ሳር ነው፣ ትልቅ ነገር ሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ለኔ ግን ኳስ ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ገነት ነው። ከሜዳው በላይ የኬኔዲ መታሰቢያ አለ፣ በጫካ ውስጥ በድንጋይ ደረጃ ነው ሚወጣው፣ 50 ደረጃ ነው ይላሉ፣ ልጆቹ ቆጥረው ያረጋግጡ።

መኪና ከሌላችሁ ለረኒሚድ ኤገም፣ ለሐይቁ ደግሞ ቨርጂኒያ ዋተር ጣቢያ አለ፣ ሁለቱም ከዋተርሉ ነው ሚመጣው፣ ከጣቢያዎቹ ግን ጥሩ የእግር መንገድ አለ። ሁለቱን በአንድ ቀን በእግር አትሞክሩ።

ሌጎላንድ

ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነው። ከከተማው 3 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከመሃል ከተማ አውቶብስ አለ። ራሱን የቻለ ሙሉ ቀን ነው፣ ከምንም ጋር አትደርቡት። ቁመቱ ከ90 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ልጅ ነጻ ነው፣ ግን ብዙውን ጨዋታ አይሳፈርም። ከ12 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ፣ ይሰለቸዋል። ኦንላይን ቀድሞ መግዛት ነው፣ በብርዱ ወራት በአብዛኛው ዝግ ነው፣ ምሳችሁን ይዛችሁ ግቡ። በቃ።

ስትመለሱ

በሪቨርሳይድ ምትመለሱ ከሆነ ባቡሩ ከዛው ነው ሚነሳው፣ አስር ደቂቃ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ አራት ሰው ፊት ለፊት ሚያስቀምጠውን ወንበር ትይዛላችሁ። ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ዳቼት ሚባለው ጣቢያ እስኪደርስ ካስሉ ከኋላ በኩል በመስኮቱ እየራቀ ይታያል፣ እናቴ ሁሌ እሱን ቦታ ነው ምትይዘው፣ ልጆቹ ቆሎውን እየተሻሙ እስኪያልቅ ድረስ።